ከአፈሳ ወዲያ

በጅቡቲ ከተማ ወረቀት የሌለውን ኢትዮጵያዊ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠው «አፈሳ» ነው። የከተማዋ ሰው በፈረንሳይኛ «ራፍል» ይለዋል። የእኛው ቃል ግን ነገሩን ይበልጥ ይገልጸዋል፤ ከአውድማ የመጣ ቃል ነውና። እህል ሲታፈስ ፍሬ በፍሬ አይመረጥም። እፍኝ የያዘው ሁሉ ወደ ቁናው ይገባል፣ ጠጠሩም እንክርዳዱም አብሮ ይሄዳል፣ መለየቱ ለሰፌድ ይተዋል። ሰው ሲታፈስም እንዲሁ ነው። የፖሊስ መኪና መንገድ ዳር ይቆማል፤ የቀን ሥራ ሲጠብቅ ያረፈደው፣ ዳቦ ልትገዛ የተላከችው የቤት ሠራተኛ፣ ትናንት በእግሩ ድንበር አቋርጦ የገባው ልጅ፣ አሥር ዓመት የኖረው ልብስ ሰፊ በአንድ መኪና ይጫናሉ። መድረሻቸው አብዛኛውን ጊዜ ነጋድ ነው። የውጭ ዜጎች ወደ ድንበር እስኪወሰዱ የሚቆዩበት የፖሊስ ግቢ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ቀናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ባቡር መንገደኞቹን የሚያወርድበት ጣቢያም ስሙ ነጋድ ነው። ለሚመጣውም ለሚባረረውም ቦታው አንድ ስም አለው።

ስለ ፖሊስ መጪ ዘመን የሚነገረውን ስሰማ ያ መኪና ከዓይኔ አይጠፋም። ፊት የሚለይ ካሜራ፣ ወንጀል የት እንደሚፈጸም አስቀድሞ የሚገምት ፕሮግራም፣ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ዱባይ በ2017 እንደከፈተችው ያለ ፖሊስ የሌለበት የፖሊስ ጣቢያ ይወራል። ይህ ሁሉ በጊዜው ወደ ጅቡቲ መምጣቱ አይቀርም። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ተጎራብተው በሰፈሩባት አገር፣ ከኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ በሚያልፍበት ወደብ፣ የመከታተያ መሣሪያ እንግዳ ነገር አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ መሣሪያው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የዚህች ከተማ ፖሊስ «ማን ነህ? ወረቀትህስ?» እያለ ያደገ ነው። «ምን ደረሰብህ?» የሚለው ሁልጊዜ ሁለተኛ ነው፤ ለብዙዎች ደግሞ ጭራሽ አይመጣም። ካሜራው የመጀመሪያውን ጥያቄ በቅጽበት ይመልሳል። ሁለተኛውን ሊጠይቅ አይችልም።

ይህ ጥያቄ የራሱ ታሪክ አለው። ነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኙ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍ ወጣ፣ ሰልፉም ወደ ሁከት ተለወጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ መጋቢት 1967፣ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና 60 በመቶ ያህሉ መራጭ ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ ተባለ። በዚያው ወቅት ከተማዋ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም የሽቦ አጥር ተከበበች። «ባራዥ» ይሉታል፤ የመጠበቂያ ማማ ነበረው፣ ፈንጂም ተቀብሮበት ነበር። የፈረንሳይ ወረቀት ያለው ይገባል፣ የሌለው ውጭ ይቀራል። በዋናነት የታለመው ሶማሌዎች ላይ ነበር፤ ግን አጥር ጎሳ አይለይም፣ ከኢትዮጵያ ቆላ ሥራ ፍለጋ የወረደውንም ከለከለ። ዛሬ ከከተማዋ ሰፋፊ ሰፈሮች አንዱ የሆነው በልበላ የበቀለው ከዚያ አጥር ውጭ፣ መግባት ያልቻሉ ሰዎች ባቆሙት ቆርቆሮና እንጨት ነው። ከተማዋ ራሷ በፍተሻ ኬላ ለሁለት የተከፈለች ነበረች።

ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻነት መጣ። አጥሩም በጊዜ ሂደት ጠፋ። የፖሊስ ልማድ ግን እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ አይጣልም። የአሁኑ ፕሬዚዳንት ኢስማኤል ኦማር ጌሌ ራሳቸው ሥራ የጀመሩት በቅኝ ግዛቱ ፖሊስ ውስጥ ነበር፤ ይህን የማነሳው መሥሪያ ቤቱ ከባንዲራው ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳለው ለማስታወስ ነው። በ2003 ክረምት መንግሥት ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች በሙሉ በአጭር ጊዜ እንዲወጡ አዘዘ። ከ80,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች፣ ጓዛቸውን ይዘው ወጡ። በ2025 ጸደይም ተመሳሳይ ጥሪ ተሰማ፤ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ዜጎች እስከ ግንቦት መጀመሪያ በፈቃዳቸው እንዲመለሱ አሳሰበ። በ60 ዓመት ውስጥ መሣሪያው ከሽቦ ወደ ማስታወቂያ፣ ከማስታወቂያ ወደ መኪና ተቀያይሯል። ጥያቄው ያው ነው።

የፖሊሶቹን ወገን መስማት ተገቢ ነው። ግንቦት 24 ቀን 2014 ምሽት ድሮ «ምኒልክ አደባባይ» ይባል በነበረው ቦታ፣ የውጭ አገር ሰዎች በሚያዘወትሩት ላ ሾሚዬር ምግብ ቤት ውስጥ፣ ሁለት አጥፍቶ ጠፊዎች ራሳቸውን አፈነዱ። አል ሸባብ ኃላፊነቱን ወሰደ። የትንሽ አገር ፖሊስ በሦስት ጎረቤት አገሮች ጦርነትና ድርቅ መካከል፣ የየመን ጦርነት በባሕሩ ማዶ ሆኖ ሳለ፣ መንገድ ላይ የማያውቀውን ፊት ቢጠራጠር አይደንቅም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያልነው እኛው ነን። ችግሩ ጥርጣሬው በጅምላ ሲሆን ነው። በጅምላ የተጠረጠረ ሰፈር ለፖሊስ አይናገርም፤ የማይናገር ሰፈር ደግሞ ወንጀለኛውን ከነቦምቡ ሊደብቅ ይችላል፣ ወድዶ ባይሆንም።

ለዚህ አርሂባን ያህል ምስክር የለም። አርሂባ ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ የወደብ ሠራተኛ አፋሮች የሰፈሩበት መንደር ነው። በ1991 መገባደጃ በሰሜን ፍሩድ የተባሉት የአፋር አማፅያን ከመንግሥት ጦር ጋር ውጊያ ጀምረው ነበር። ታኅሣሥ 18 ቀን 1991 ንጋት ላይ የፀጥታ ኃይሎች አርሂባን ከበቡ። የተጀመረው እንደ ፍተሻ ነበር፤ ቤት ለቤት፣ ወንዶችን ከየቤቱ እያወጡ። ከዚያ ተኩስ ተከፈተ። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። የሟቾቹን ቁጥር መንግሥትና ነዋሪው ዛሬም በአንድ ቃል አይናገሩትም። በ1994 ከፍሩድ አንድ ክፍል ጋር፣ በ2001 ደግሞ ከቀረው ጋር ሰላም ወረደ፤ ለዚያች ንጋት ግን በፍርድ ቤት የተጠየቀ ሰው የለም። አርሂባ ላይ «ፖሊስ መጣ» ሲባል ሽማግሌው የሚያስታውሰው ቀን አለ። እዚያ ካሜራ ቢሰቀል ሕፃኑ መብራት መስሎት ያየዋል፤ አያቱ ግን ምን ይታየዋል? ታኅሣሥ 2015 በልበላ ውስጥ ቡልዱቆ በሚባለው ቦታ በሃይማኖታዊ ስብሰባ ላይ የተፈጠረውን ደም መፋሰስ፣ ነሐሴ 2021 ደግሞ በዋራባሌይና በበልበላ በአፋሮችና በኢሳዎች መካከል የተነሳውን ግጭት፣ የተቃጠሉትንም ቤቶች ብንጨምር፣ በከተማዋ ውስጥ ፖሊስን የማያምን የተደራረበ ትዝታ አለ።

አሁን ወደ ማሽኑ ልመለስ። ማሽኑን ሳስብ የሚመጣብኝ የድሮው ሌባ ሻይ ነው። አንባቢ ከአያት ሰምቶት ይሆናል። ዕቃ ሲጠፋ ሌባ ሻዩ ይጠራል፤ አንድን ልጅ መድኃኒት ያጠጣል። ልጁ እየተንገዳገደ ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ይከተለዋል፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ልጁ ለምን እዚያ እንደወደቀ የሚጠይቀው የለም፤ ቢጠየቅም አያውቅም። ተከሳሹም የሚከራከረው ከማን ጋር እንደሆነ አያውቅም። ፊት ለይቶ «ይህ እርሱ ነው» የሚል ማሽን ከዚህ በምን ይለያል? በአንድ ነገር ይለያል፤ ስሕተቱ ሊለካ ይችላል። ተለክቷልም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡዎላምዊኒ ጋር በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ በገበያ ላይ የነበሩት ፊት መርማሪ ፕሮግራሞች የነጭ ወንዶችን ጾታ ሲለዩ የሚሳሳቱት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ጥቁር ሴቶች ላይ ሲደርሱ ስሕተቱ በአንዱ ፕሮግራም እስከ 34.7 በመቶ ወጣ። በ2019 የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያ ተቋም ብዙ ፕሮግራሞችን ፈትሾ፣ በአንዳንዶቹ ላይ የአፍሪካና የእስያ ተወላጆችን ፊት ከሌላ ሰው ፊት ጋር የማደባለቅ ስሕተት ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚበልጥ አገኘ። በ2020 ጥር ዲትሮይት አጠገብ አንድ ጥቁር አባት ሚስቱና ልጆቹ ፊት ታስሮ ሄደ፤ ከሱቅ የሰረቀው ሌላ ሰው ነበር። ማሽኑ ወድቆበት ነው።

እንግዲህ ይህን መሣሪያ አስባችሁ ጅቡቲ ላይ አድርጉት። የአፋር፣ የሶማሌ፣ የወሎ፣ የሐረርጌ፣ የትግራይ ፊት በአንድ ገበያ ይተላለፋል፤ አሜሪካ ወይም ቻይና ውስጥ የሠለጠነ ፕሮግራም ይህን ፊት ስንት ጊዜ አይቶት ያውቃል? ካሜራዎች በተጎራባች አገሮች ምን እንደሠሩም አይተናል። ኬንያ ከ2014 ጀምሮ በናይሮቢና በሞምባሳ 1,800 ያህል ካሜራ ተከለች። ኡጋንዳ በ126 ሚሊዮን ዶላር ከሁዋዌ የገዛችውን ካሜራ፣ ኅዳር 2020 ተቃውሞ በተነሳ ጊዜ ሰልፈኞችን ለማደን ተጠቀመችበት፤ ፖሊሱ ራሱ ከ800 በላይ ሰው በካሜራው እገዛ መያዙን ተናግሯል። ሌባን ለማግኘት የተገዛ መሣሪያ ሰልፈኛን ሲያገኝ ማንም አልከለከለውም። ወንጀልን አስቀድሞ እንተነብያለን ያሉትስ? ሎስ አንጀለስ በ2020 ፕሮግራሙን አቆመች፤ በዚያው ዓመት ሳንታ ክሩዝ በሕግ ከለከለችው። ማሽኑ የሚተነብየው ፖሊስ ቀድሞ የሄደበትን ሰፈር ስለነበረ ፖሊሱ ደግሞ እዚያው ተመልሶ ይሄድ ነበር። በጅቡቲ ይህ ማለት አርሂባና በልበላ ለዘላለም በካርታው ላይ ቀይ ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ሌላ መንገድም ነበር፤ አውጫጭኝ፣ ወይም አፈርሳታ። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው በሙሉ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ይመካከራል። ለቀናት የሚቆይ፣ ድሃውን ከሥራው የሚያፈናቅል፣ ለቂም የሚመች ነበርና አላሞግሰውም። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ ያየው ሰው ከነምንጩ ይናገራል። የአፋር ዳጉ ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ይጠያየቃሉ። አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከማን? መቼ? የውሸት ዳጉ ያስተላለፈ ይቀጣል፤ ቅጣቱን የሚያስፈጽመው ፊማ የሚባለው የዕድሜ እኩዮች ማኅበር ነው። የጠፋ ግመል፣ የመጣ እንግዳ፣ የተፈጸመ ግድያ በበረሃው ውስጥ ከስልክ በፊት በዳጉ ይታወቅ ነበር። በኢሳዎችም በኩል «ሄር ኢሴ» አለ፤ በ44 አባላት ሸንጎ የሚጠበቀው ይህ ያልተጻፈ ሕግ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል፣ ለኢትዮጵያ፣ ለጅቡቲና ለሶማሊያ በጋራ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ከተማዋ የአካባቢ ሽማግሌንና የፊማን ልጆች ከጣቢያው ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ብታበጅ ምንጩን የሚጠይቅ መረጃ ታገኛለች። ካሜራ የሚሰጠው «ይመስላል» ነው፤ ዳጉ «ማን ነገረህ?» ብሎ ይጀምራል። ባህላዊ ሥርዓት በሴት ላይ ሲከፋ እናያለን፤ ጉዳዩ ጎሳ ተሻጋሪ ሲሆንም ሽማግሌ ለራሱ ወገን ያደላል። ስለዚህ የጣቢያውን ቦታ ሊወስድ አይገባም። የጣቢያውን ጆሮ ግን ሊከፍት ይችላል።

ይህ ጆሮ ወደ ኢትዮጵያዊቷ የቤት ሠራተኛ ሲደርስ ምን ይሰማል? እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንዲት ሴት ሌሊት ከአሠሪዋ ቤት ሸሽታ ጣቢያ ደረሰች እንበል። ከወሎ ነች፣ ፈረንሳይኛም ሶማሊኛም አታውቅም። ተረኛው ፖሊስ በስልኩ መተርጎሚያ ይከፍትና «ተናገሪ» ይላታል። እርሷም በአፍረት አንገቷን ደፍታ «ደፈረኝ» ትላለች። በአማርኛ ይህ አንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ ናቀኝ፣ ተዳፈረኝ ማለት ይሆናል፤ አስገድዶ ገላዬን ነካ ማለትም ይሆናል። ሰው ድምፅዋን ሰምቶ፣ ዓይኗን አይቶ ይለያል። በቂ ጽሑፍ ያልተማረ ማሽን ግን «አላከበረኝም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በአንድ ቃል አንድ ከባድ ወንጀል ተራ ጭቅጭቅ ይሆናል። ኦሮምኛ ተናጋሪዋና ትግርኛ ተናጋሪዋ ዕጣቸው ከዚህ ላይሻል ይችላል። ስለዚህ ነው የወደፊቱ ፖሊስ ከማሽን በፊት አስተርጓሚ ያስፈልገዋል የምለው። በከተማዋ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ጅቡቲያውያን ሞልተዋል፤ በየገበያውና በየሆቴሉ ናቸው። ማሠልጠንና መክፈል ብቻ ነው።

ግን ሴትዮዋ ጣቢያ ድረስ ትመጣለች ወይ? ዛሬ አትመጣም። ብትመጣ ቀድሞ የሚጠየቀው ወረቀቷ ነው፣ ከዚያ ነጋድ። ጅቡቲ በ2016 ቁጥር 133 በሆነው ሕጓ ሰዎችን መነገድና በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን ወንጀል አድርጋለች፤ ሕጉ በወረቀት ላይ ጥሩ ሕግ ነው። የተነገደበት ሰው ጣቢያ መሄድን ከፈራ ግን የሚከሰስ ነጋዴ አይኖርም። ሌሎች ከተሞች ይህን ቋጠሮ እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ1979 «ልዩ ትእዛዝ 40» አወጣ፤ ፖሊሶች የሰውን የመኖሪያ ፈቃድ ለማጣራት ብቻ ብለው ምርመራ እንዳይጀምሩ የሚከለክል ነው። ያወጡት አዛዦች ለስደተኛ ያዘኑ ስለነበሩ አይደለም፤ ምስክር ስላጡ ነው። በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የወንጀል ተጎጂ ሆኖ ለፖሊስ የሚተባበር ስደተኛ ጊዜያዊ ፈቃድ እንዲያገኝ አደረገ። ሆላንድ ወረቀት የሌለው ተጎጂ ጣቢያ ገብቶ ቃሉን ሰጥቶ ሳይታሰር እንዲወጣ ፈቅዳለች። ሁሉም ጉድለት አላቸው፣ ሁሉም የፖለቲካ ነፋስ ሲነፍስ ይናወጣሉ። ቢሆንም አንድ ሥራ ሠርተዋል፤ ስደት አጣሪውንና ወንጀል መርማሪውን ለይተዋል።

ጅቡቲ ለዚህ የተመቸ አደረጃጀት አላት ብዬ አምናለሁ። እንደ ፈረንሳይ ሁሉ ፖሊስና ጄንዳርመሪ የተለያዩ ናቸው፣ ከ2010 ወዲህም የባሕር ዳርቻ ጠባቂ አለ። በተለያየ ቤት የተቀመጠ ሥራ በተለያየ መዝገብም ሊቀመጥ ይችላል። ተጎጂ የሚናገርበት ጠረጴዛ ከነጋድ መዝገብ ጋር እንዳይገናኝ መወሰን ይቻላል። ካሜራው ሲመጣ፣ የካሜራው መዝገብም እንዲሁ መገደብ አለበት፤ ካልተገደበ የ1966ቱ አጥር ያለ ሽቦ ይመለሳል፣ ያውም ከከተማው ዳር ሳይሆን በእያንዳንዱ መንገድ ጥግ። የመረጃ ጥበቃ ሕግ ትልቅ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ በ2024 የራሷን አውጥታለች፣ የአፍሪካ ኅብረት የማላቦ ስምምነትም በ2023 በሥራ ላይ ውሏል። ለእኛ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። ፋይዳ መታወቂያ እየሰፋ ሲሄድ የሚሊዮኖች ኢትዮጵያውያን አሻራና ፊት በአንድ መዝገብ ይሰበሰባል። አንድ ቀን ሁለቱ አገሮች መዝገባቸውን ለመለዋወጥ ይስማሙ ይሆናል። የጠፋን ልጅ ለቤተሰቡ ለመመለስ ከሆነ መልካም ነው። የተባረረን ሰው ሁለተኛ እንዳይገባ ለማድረግ ብቻ ከሆነ ግን የአፈሳው መኪና ከሰፌድ በፊት ተራ በተራ መልቀም ጀመረ ማለት ነው።

ባሕሩ ላይም ተመሳሳይ መንታ መንገድ አለ። ሚያዝያ 2024 ከየመን ወደ ኋላ ሲመለሱ የነበሩ ሰዎች የጫኑ ጀልባዎች በኦቦክ ዳርቻ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሰጠሙ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከላይ የሚያንዣብብ ሰው አልባ አውሮፕላን ጀልባውን ቀድሞ ያያል። አይቶ ማንን እንደሚጠራ ግን የሚወስነው ሰው ነው፤ አሳሪ ወይስ አዳኝ።

አዲስ አበባም ከዚህ ነጻ ናት ብሎ የሚጽፍ ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልጽፍም። «አፈሳ» ያልነው ቃል በደርግ ዘመን የብሔራዊ ውትድርና ልጆችን ከየመንገዱ ሲለቅም ነው የጠነከረው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ጅቡቲን «ዜጎቼን አትፈሺ» ብላ ከመጠየቋ በፊት የራሷን ጣቢያዎች በር ማየት ይኖርባታል። ብትጠይቅ ግን አትሳሳትም፤ ትጠይቅ። ኤምባሲው የተመላሾችን አውቶቡስ ከሚያዘጋጅበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የተፈጸመ ጥቃት የሚመዘገብበት ሌላ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ሰው ከመውጣቱ በፊት የሚናገረው ነገር አለው፤ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ምስክርነቱም አብሮት ይሻገራል።

በየቀኑ እኩለ ቀን ሲያልፍ ጫት ከኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ከተማው ይንቀሳቀሳል፣ ሴቶቹ በየጥጉ ጠረጴዛቸውን ይዘረጋሉ፣ ፖሊሱም መንገድ ያስከብራል። በዚያ ሰዓት ፖሊሱና ሻጯ በስም ይተዋወቃሉ። ልጁ ታመመ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ይህ ትውውቅ ምንም ማሽን አያስፈልገውም፤ የጎደለው ከመንገዱ ወደ ጣቢያው ጠረጴዛ መግባቱ ነው። ፖሊስ ዘንድ ቃል ሲሰጥ መጀመሪያ የሚሞላው የመታወቂያ ቁጥር ነው፣ የደረሰው በደል ቀጥሎ ይመጣል። ያቺ መስመር ከቅጹ ራስ ወርዳ ወደ ግርጌ እስክትሄድ ድረስ ከወሎ የመጣችው ሴት በአርሂባ ጎዳና ጣቢያው በር ድረስ ትደርስና፣ መብራቱን አይታ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ትመለሳለች።